ግልጽ ደብዳቤ፦ ሜትራችሁ ድምፃዊውን ይሰማል፣ ቤዙን ግን አይሰማም

በአዲስ አበባ የድምፅ ብክለትን ለምትቆጣጠሩና ለኮንሰርት ፈቃድ ለምትሰጡ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች

ግልባጭ፦ ለኮንሰርት አዘጋጆች፣ ለባንድ መሪዎች፣ ለሙያ ባልደረቦቼ

ጉዳዩ፦ በኮንሰርቶች ላይ የሚጣለው የድምፅ ገደብ የት፣ መቼና በምን እንደሚለካ

ክቡራንና ክቡራት፣

ሥራዬ ከሚክሰር፣ ማለትም የዘፋኙንና የመሣሪያዎቹን ድምፅ ከምናመጣጥንበት ማሽን፣ ጀርባ መቆም ነው። ኮንሰርት ላይ ሕዝቡ ሁሉ መድረኩን ሲያይ፣ መሐል ሜዳ ላይ በብረት አጥር በተከለለች ጠባብ ቦታ አጎንብሶ የምታዩት ሰው እኔ ወይም የሙያ ባልደረባዬ ነው። ዘፈኑ ሲያምር ድምፃዊው ይመሰገናል፤ ሲበላሽ ሕዝቡ ዞሮ የሚገላምጠው እኛን ነው። የድምፅ መለኪያ ሜትር የያዘ ተቆጣጣሪ ሲመጣም መጀመሪያ የሚያናግረው እኛን ነው። "ቀንስ" ይባላል፤ እንቀንሳለን። ምኑን እንደቀነስን ግን እስከ ዛሬ የጠየቀን የለም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እሱን ለመንገር ነው።

ገደቡ ይነሳ እያልኩ አይደለም። ከእኔ በፊት በዚህ ሥራ የቆዩ፣ ዛሬ ሲያዋሯቸው ደጋግመው "እ?" የሚሉ ሰዎች አውቃለሁ። ሰብ ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቅ ስፒከር) አጠገብ ቆሞ ሌሊቱን የሚያድር የጥበቃ ሠራተኛ፣ ትሪ ይዛ በስፒከር ፊት የምትመላለስ አስተናጋጅ፣ በማግስቱ ሥራ ያለበት የሰፈሩ ነዋሪ፣ ሁሉም ሊጠበቁ ይገባል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። እኔ ባየሁት አለካክ ገደቡን ስናከብር የሚጎዳው የድምፃዊው ድምፅና ግጥሙ ነው፤ ጎረቤቱን እንቅልፍ የሚነሳው ቤዝ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ ግን ባለበት ይቀራል። ሙዚቃውም ይበላሻል፣ ጎረቤቱም አይተኛም።

የምትሠሩበት ደረጃ የታወቀ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በወጣበት ዘመን የተዘጋጀውና እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው የድምፅ ጣሪያ ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ነው፤ ለንግድ አካባቢ 65 እና 55፣ ለኢንዱስትሪ ደግሞ 75 እና 70። ቀን የሚባለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ነው። እነዚህ ቁጥሮች ለወፍጮ ቤት፣ ለብረታ ብረት ሥራ፣ ሞንታርቦ በር ላይ አውጥቶ ቀኑን ሙሉ ለሚያስጮኽ ሱቅ ልክ ናቸው። በየቀኑ ለሚደጋገም ድምፅ ይሆናሉ። ለአንድ ምሽት ኮንሰርት ሲሆኑ ግን ምን እንደሚመጣ አብረን እናስላው።

ሜዳ ላይ በሚደረግ ኮንሰርት ሚክሰሩ ጋ፣ ከመድረኩ 30 ሜትር ያህል ርቆ፣ 98 ዴሲቤል ቢሰማ ሕዝቡ የሚደሰትበት፣ ባለሙያውም ሳይጨነቅ የሚሠራበት መጠን ነው። ድምፅ ክፍት ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። 60 ሜትር ላይ 92፣ 120 ላይ 86፣ 240 ላይ 80 ይሆናል። እንዲህ እያላችሁ 45 ላይ ለመድረስ ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ አለባችሁ። ከመስቀል አደባባይ ብትነሡ ቃሊቲ ደርሳችኋል ማለት ነው። እርግጥ በመሐል ሕንፃ አለ፣ ዛፍ አለ፣ ቀጭኑን ድምፅ አየሩ ራሱ ይውጠዋል፤ በተግባር ርቀቱ በጣም ያጥራል። ያም ሆኖ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ ሰው በሚኖርበት ሰፈር አጠገብ፣ 45ን የሚያከብር የአደባባይ ኮንሰርት በዚህች ከተማ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ሕጉ ሁሉንም ጥፋተኛ ካደረገ፣ ማን ተቀጥቶ ማን እንደሚታለፍ የሚወስነው የዚያን ምሽት የመጣው ሰው ይሆናል። ይህ ለእናንተም ለእኛም አይበጅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሜትሩ ላይ ኤ እና ሲ የተባሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ። ባጋጠሙኝ ቁጥጥሮች ሜትሩ ኤ ላይ ነበር። ኤ የሰው ጆሮ ዝግ ያለ ድምፅን የሚሰማበትን ሁኔታ እንዲመስል የተሠራ ማጣሪያ ነው፤ ስለዚህ ወፍራሙን ድምፅ ይንቀዋል። ምን ያህል እንደሚንቀው ላልገባው ሰው ቁጥሩ ያስደነግጣል። 63 ሄርዝ ላይ (ሄርዝ የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል)፣ ማለትም ኪክ የሚባለው በእግር የሚመታው ትልቁ ድራምና የቤዝ ጊታሩ ጉልበት ባለበት ቦታ፣ ኤ ከእውነተኛው መጠን 26 ዴሲቤል ይቀንሳል። 100 ሄርዝ ላይ 19 ይቀንሳል። ከ2,000 እስከ 4,000 ሄርዝ ባለው ክልል ደግሞ ጭራሽ አንድ ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። ሲ ግን 63 ሄርዝ ላይ የሚቀንሰው አንድ እንኳ አይሞላም።

እዚያ ከ2,000 እስከ 4,000 ባለው ቦታ ያለው ቃሉ ነው። ተነባቢው ጥርት ብሎ የሚወጣው፣ "ጠ" ከ"ተ"፣ "ቀ" ከ"ከ" የሚለየው እዚያ አካባቢ ነው። የማሲንቆው ጭራ ሲፋተግ የሚሰማው ሻካራነት፣ የዋሽንቱ ትንፋሽ፣ የክራሩ አመታት፣ የሕዝቡ ጭብጨባ ሁሉ እዚያው ይሰፍራሉ። የእኛ አድማጭ ለግጥም የሚከፍል አድማጭ ነው፤ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ለመያዝ እያንዳንዷ ፊደል ትደርሰው ዘንድ ይፈልጋል። ሜትሩ ኤ ላይ ሆኖ "ቀንስ" ስባል ቁጥሩን ቶሎ የሚያወርድልኝ እንግዲህ ይኸው ክልል ነው። ቤዙን 6 ዴሲቤል ባወርደው የሜትሩ ቁጥር እምብዛም ንቅንቅ አይልም። ድምፃዊውን 3 ባወርደው ተቆጣጣሪው ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ጆሯችን ድምፅ ባነሰ ቁጥር ወፍራሙን ከቀጭኑ ይበልጥ ይረሳል። ጠቅላላውን በ6 ዴሲቤል ስናወርደው ሕዝቡ የሚሰማው "ቤዙ ጠፋ" የሚል ነው። ወዲያው አዘጋጁ ከኋላዬ መጥቶ "ሳውንዱ ሞተ፣ ሰቡን ጨምርበት" ይለኛል። ሰቡን ብጨምር ሜትሩ አይቆጣም፣ አዘጋጁም ደስ ይለዋል፣ ስለዚህ የሚጨመረው ሰብ ነው። ሌሊቱ ሲጋመስ የሚቀረው ሚክስ ከታች የሚያጓራ፣ ከላይ ድምፃዊው በትራስ ታፍኖ የሚዘፍን የሚመስል ይሆናል። በወረቀት ግን ሕግ አክብረናል።

ጎረቤቱስ? አንድ ጊዜ ከምንሠራበት ግቢ ጀርባ የሚኖሩ አንዲት እናት ገመድ ስንዘረጋ መጥተው አነጋገሩን። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ በትሕትና "ልጄ፣ ዘፈኑን ብሰማው ምን ነበረበት፤ ማን እንደሚዘፍን እንኳ አላውቅም። ድብ ድቡ ነው" አሉኝ። ቤታቸው ድረስ ወሰዱኝ። ብፌው ውስጥ የተደረደሩት ስኒዎች እርስ በርሳቸው እየተነካኩ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጫጩ እንደሚያድሩ ነገሩኝ፤ በመሐላቸው ጨርቅ ጠቅጥቀውባቸዋል። የብሎኬት ግድግዳና የተዘጋ መስኮት ቀጭኑን ድምፅ ደህና አድርገው ይይዙታል። ወፍራሙን ግን አይይዙትም፣ ቆርቆሮ ጣሪያማ አብሮት ይንቀጠቀጣል። በሩ ላይ ሜትር ኤ ላይ አድርጋችሁ ብትለኩ ያልተጋነነ ቁጥር ታገኛላችሁ። እኚህ እናት ግን አይተኙም። ቅሬታቸው እውነት ነው፤ የምንለካው ግን እሳቸውን የሚረብሻቸውን ነገር አይደለም።

ይህ በተለይ በእኛ የኮንሰርት ወራት ይብሳል። ክረምት ላይ ሜዳ ላይ የሚሠራ የለም፤ ትልልቆቹ ዝግጅቶች ከገና እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ ይበዛሉ። ያኔ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ መሬቱ ሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል፣ ሞቃቱ ከላይ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ሌሊት ወደ ላይ የሄደው ድምፅ ተመልሶ ወደ መሬት ይታጠፋል። ቀን ሳውንድ ቼክ (የድምፅ ሙከራ) ላይ ሁለት መንገድ ሳይሻገር የጠፋው ቤዝ፣ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ሁለትና ሦስት ሰፈር አልፎ ይሰማል። ሚክሰሩ ላይ አንዲት ነገር ሳልነካ ማለት ነው። ቀን ለክታችሁ የፈቀዳችሁት ዝግጅት ሌሊት ቅሬታ ሲያመጣባችሁ ባለሙያው አታሏችሁ ላይሆን ይችላል።

መቼ ይለካ የሚለውንም ላንሳ፤ እዚህ ላይ አንድ ምሽት ያየሁትን ልናገር። በአንድ ሆቴል ግቢ ነው። ባንዱ አንድ የጭፈራ ዘፈን ጨረሰ፣ ዝም አለ፣ ሕዝቡም እልልታውን አቀለጠው። በዚያች ቅጽበት አንድ ተቆጣጣሪ ስልኩ ላይ የጫነውን አፕ እያሳየኝ "104! አየህ?" አለኝ። ከስፒከሩ የሚወጣ ምንም ነገር አልነበረም። የለካው እልልታውን ነው። እልልታ ደግሞ ኤ ይበልጥ በሚሰማው ክልል ውስጥ የሚወድቅ ድምፅ ነው። ክርክሩ የትም እንደማያደርሰኝ ስላወቅሁ ድምፃዊቷን 4 ዴሲቤል አወረድኳት። ቀጣዩ ዘፈን ትዝታ ነበር። ከሚክሰሩ ኋላ ያሉት ሰዎች አንገታቸውን እያሰገጉ "ምን አለች?" እየተባባሉ አለፈ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ የሰጡትን መመሪያና የሰጡትን መሣሪያ ይዞ ነው የመጣው። የስልክ ማይክ ግን የተሠራው ለንግግር ነው። ወፍራሙን ድምፅ በትክክል አይወስድም፣ ድምፅ ሲበረታበትም ራሱን ያፍናል። ቅጣት የሚጣልበት ቁጥር ካሊብሬተር በሚባለው መፈተሻ ከተፈተሸ ሜትር መምጣት አለበት፤ 94 ዴሲቤል የምታወጣዋ ትንሿ ካሊብሬተር ኪስ ውስጥ የምትገባ ዕቃ ናት።

የአንድ ቅጽበት ቁጥር ሙዚቃን አይገልጽም። ሌላው ዓለም የሚለካው በአማካይ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በ15 ደቂቃ። ልዩነቱ ለእናንተ የወረቀት ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን ሙሉ ምሽቱን ይቀይረዋል። ሰባት ደቂቃ ተኩል ዝግ ያለ ትዝታ በ92፣ ሌላ ሰባት ደቂቃ ተኩል የጉራጌ ጭፈራ በ100 ቢሄድ፣ ዴሲቤል እንደ ተራ ቁጥር ስለማይደመር አማካዩ ወደ ትልቁ ያጋድልና 98 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ጣሪያው 98 በአማካይ ከሆነ ሁለቱም ይሠራሉ፤ ዝግ ባለው ዘፈን ያጠራቀምኩትን በጭፈራው አወጣዋለሁ። ከባንዱ መሪ ጋር ተቀምጬ የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል እናስተካክላለን። ጣሪያው "በማንኛውም ቅጽበት ከ98 እንዳያልፍ" ከሆነ ግን ሁሉንም ዘፈን ኮምፕሬሰር በሚባለው የድምፅ መሣሪያ ጨፍልቄ አንድ ቁመት ላይ አደርገዋለሁ። ጭፈራው አይነሣም፣ ትዝታውም አያርፍም። ሕዝቡ ለምን እንደደከመው ሳያውቅ ቤቱ ይገባል።

መድረኩን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፣ ምክንያቱም ገደብ ሲመጣ ትልቁ ትግል ያለው እዚያ ነው። አንድ ድራመር በባዶ እጁ፣ ያለ ምንም ማይክ፣ አንዲትን ትንሽ አዳራሽ መሙላት ይችላል። በሱ ላይ ለኪቦርዲስቱ ሞኒተር (ሙዚቀኛው ራሱን የሚሰማበት ስፒከር)፣ ለሳክስፎኒስቱ ሞኒተር፣ ለድምፃዊው ሁለት ሞኒተር አለ። ድምፃዊው ራሱን ካልሰማ ከቅኝቱ ይወጣልና በምልክት "ጨምርልኝ" ይላል፤ ለሱ ሲጨመር ኪቦርዲስቱ አይሰማውም፣ እሱም ይጨምራል። እንዲህ ሲሄድ መድረኩ ብቻውን፣ የሕዝቡ ስፒከር ሳይከፈት፣ ፊት ረድፍ ላይ 95 ዴሲቤል ይደርሳል። እኔ በስፒከር ሌላ 95 ብጨምርበት፣ ዴሲቤል እንደ ተራ ቁጥር አይደመርምና፣ ድምሩ 98 ነው። ጣሪያዬ 98 ከሆነ፣ ድምፃዊው ከመድረኩ ሁካታ ጋር እኩል ለእኩል ሆኖ መቅረቱ ነው። ግጥሙ ጥርት ብሎ እንዲወጣ ከሁካታው በ6 ዴሲቤል ይብለጥ ካልኩ ድምሩ 102 ይመጣል። ስለዚህ ገደብ ሲጠብቅ መጀመሪያ ዝም መባል ያለበት መድረኩ እንጂ ስፒከሩ አይደለም።

መፍትሔው ይታወቃል። ለድራሙ ግልጽ የፕላስቲክ ከለላ ማቆም፣ መድረኩ ላይ ምንጣፍ ማንጠፍ፣ አምፕሊፋየሮቹን ማውረድ፣ ለሙዚቀኞቹ ኢን ኢር የሚባለውን ጆሮ ውስጥ የሚገባ ሞኒተር መስጠት። የውጭ ባንዶች በዚህ ብዙውን ነገር ጨርሰዋል። እኛ ጋ ግን ሌላው ዓለም የሌለበት አንድ ችግር አለ፤ ተወዛዋዦቹ። እስክስታ የሚወርድ ልጅ ወገቡ ላይ መቀበያ አስሮ፣ ጆሮው ላይ ገመድ ሰክቶ ትከሻውን መስበር አይችልም፤ በሁለተኛው ዙር ይወልቅበታል። እነሱ ከበሮውን ከጎን ስፒከር መስማት አለባቸው። ያ የጎን ስፒከር በቀጥታ ወደ ድምፃዊው ማይክ ይገባል፣ ከዚያም ወደ ሕዝቡ። እኔ ተወዛዋዦቹ ሲወጡ ከፍቼ፣ ሲገቡ እዘጋዋለሁ። ይህን የሚያደርግ ሰው ግን መድረክ ዳር የተቀመጠ ራሱን የቻለ የሞኒተር ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ አዘጋጅ ወጪ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚሰርዘው ደግሞ የሱን አበል ነው።

ስለ ሰብ አደራደር ሁለት ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ፈቃድ ስትሰጡ ልትጠይቁት የምትችሉት ነገር ነው። ሰብ ዉፈር እንደ ሌላው ስፒከር ወደ ፊት ብቻ አይጮኽም፤ ወደ ኋላም ያንኑ ያህል ይልካል። ብዙ የሆቴል ግቢዎች ውስጥ መድረኩ የሚተከለው ጀርባውን ለአጥሩ ሰጥቶ ነው፣ ከአጥሩ ኋላ ደግሞ ሰው ይኖራል። ከሦስት ሰብ አንዱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ፖላሪቲውን (የድምፅ ሞገዱን አቅጣጫ) ገልብጦ፣ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ቢያዘገዩት ከኋላ ያለው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ በደንብ ከተሠራ ከኋላ ያለው ቤዝ ከ10 ዴሲቤል በላይ ይወርዳል። ከፊት ያለው ሕዝብ ልዩነቱን አያውቀውም። እንዲሁም ከመቶ ሜትር በላይ በሚረዝም ሜዳ ላይ ሁሉንም ከመድረክ መግፋት ቀርቶ፣ መሐል ላይ ትናንሽ ስፒከሮች ተተክለው ድምፃቸው በልኩ ቢዘገይ፣ ለምሳሌ 50 ሜትር ላይ በ145 ሚሊ ሰከንድ ገደማ፣ ፊት ያለው ሰው ሳይደነቁር ኋላ ያለው ይሰማል። እነዚህ ዘዴዎች አዲስ ግኝት አይደሉም። በከተማችን እምብዛም የማይታዩት ማንም ስላልጠየቀ ነው።

የሌሎች አገሮችን ሕግ እንዳለ እንቅዳ አልልም፤ ነገር ግን ምኑን እንደሚለኩ ማየት ይጠቅማል። ፈረንሳይ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ደንብ በ15 ደቂቃ አማካይ 102 ዴሲቤል በኤ እና 118 ዴሲቤል በሲ ብላ ሁለቱንም አስቀምጣለች። ሲ የተጨመረው ለወፍራሙ ድምፅ ነው። የጀርመን ደረጃ በ30 ደቂቃ አማካይ 99 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 (እ.ኤ.አ.) ለሙዚቃ ቤቶችና ዝግጅቶች ባወጣው መመሪያ ጣሪያውን በ15 ደቂቃ አማካይ 100 አድርጎ፣ ከሱ ጋር መጠኑ እየተለካ እንዲታይ፣ ለታዳሚ የጆሮ መከላከያ እንዲቀርብ፣ ጸጥ ያለ ማረፊያ ቦታ እንዲኖርና ሠራተኞች እንዲሠለጥኑ ጠይቋል። እነዚህ ሁሉ ለታዳሚው ጆሮ የተጻፉ ናቸው።

ለጎረቤቱ የሚጻፈው ሌላ ቁጥር ነው። እንግሊዞች በ1995 (እ.ኤ.አ.) ባዘጋጁት የአሠራር ኮድ በከተማ ስታዲየም በዓመት እስከ ሦስት ቀን ለሚደረግ ኮንሰርት ከመኖሪያ ቤቱ ግድግዳ አንድ ሜትር ርቆ 75 ዴሲቤል በ15 ደቂቃ አማካይ ፈቅደዋል፤ ቀናቱ ሲበዙ ገደቡ ይጠብቃል። ያው ሰነድ ራቅ ያሉ ነዋሪዎችን የሚረብሸው ወፍራሙ ድምፅ መሆኑን ጠቅሶ፣ በ63 ወይም በ125 ሄርዝ ክልል እስከ 70 ዴሲቤል ችግር እንደሌለው፣ 80 ሲደርስ ግን ከባድ ረብሻ እንደሚሆን ይናገራል። የዚያች እናት ስኒዎች ያሉበት ቁጥር ይህ ነው። ፈቅደዋል ማለት ደግሞ ልል ናቸው ማለት አይደለም፤ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ ብሩስ ስፕሪንግስቲንና ፖል ማካርትኒ አብረው መድረክ ላይ እያሉ ሰዓት አለፈ ተብሎ ድምፁ ተዘግቶባቸዋል።

ሰዓት ካነሳን አይቀር ለአዘጋጆች ግልባጭ ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ትኬቱ ላይ 12 ሰዓት ተብሎ ይጻፋል። ሕዝቡ ልምድ አለውና 2 ሰዓት ላይ ይመጣል። ዲጄ ይጫወታል፣ ስፖንሰር ይናገራል፣ ጀማሪ ድምፃውያን ይወጣሉ፣ ዋናው ድምፃዊ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ይመጣል። ገደቡ ከ3 ሰዓት በኋላ በ10 ዴሲቤል ይጠብቃል፤ እኛ ዝግጅታችንን የምንጀምረው ሲጠብቅ ነው። ቀንና ሌሊት የተባለው ክፍፍል ለእኛ ባይመችም እንኳ፣ 10 ሰዓት ላይ ተጀምሮ 4 ሰዓት የሚያልቅ ኮንሰርት ግማሹን ጠባችንን ያለ ሜትር ይፈታው ነበር። "ያለ ሌሊት አይደምቅም" የሚለኝ አዘጋጅ አይጠፋም። ቅዳሜ ከሰዓት ሠርግ ሲደምቅ አላየም ማለት ነው።

ባልደረቦቼንም ሳልወቅስ አላልፍም። የሳውንድ ኪራይ ውድድራችን በቁጥር ሆኗል፤ "24 ሰብ አለኝ" የሚል "16 አለኝ" የሚለውን ይበልጣል። ደንበኛው የሚያየው የተደረደረውን ጥቁር ሣጥን ነው። ከዚህ ሌላ፣ ጆሮ ራሱ ይደክማል። 100 ዴሲቤል ውስጥ አንድ ሰዓት የቆመ ሰው ቀጭኑን ድምፅ መስማት ይቀንሳል፣ ያነሰውን ለመመለስ ደግሞ እየጨመረ ይሄዳል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሚክሱ ጆሮ የሚወጋ ይሆናል። እሱ ግን አይሰማውም። ፊት ለፊቱ የተቀመጠ ሜትር ለዚህ ሰው መድኃኒት ነው። እኔ ሜትር ባለበት የሠራሁት ምሽት ከሌለበት ይሻላል፤ የት እንዳለሁ አውቃለሁና።

ከእናንተ የምለምነው እንግዲህ ይህ ነው። ለኮንሰርት ከወፍጮ ቤት የተለየ ገደብ ይኑር፤ በዓመት ለስንት ቀን፣ እስከ ስንት ሰዓት ተብሎ በቦታ በቦታ ይለይ። ሚሌኒየም አዳራሽና የሆቴል ግቢ አንድ ቁጥር ሊኖራቸው አይገባም። ገደቡ በሁለት ቦታ ይለካ፤ አንዱ ሚክሰሩ ጋ ለታዳሚው ጆሮ፣ ሌላው ቅርብ ባለው መኖሪያ ቤት ግድግዳ ላይ። ሁለቱም በ15 ደቂቃ አማካይ ይሁኑ። በኤ ብቻ ሳይሆን በሲም ይለካ። በኔ ግምት ሚክሰሩ ጋ ሲ ከኤ በ15 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ብትሉን የሰብ ፉክክሩ በአንድ ዓመት ይበርዳል፣ ድምፃዊውም ይተነፍሳል። ቁጥሩን ደግሞ ፈቃዱ ላይ ጻፉልን። ስፒከር ከተሰቀለ፣ ሕዝብ ከገባ በኋላ የሚነገረኝ ቁጥር ማይክ ከመዝጋት ሌላ ምርጫ አይሰጠኝም። ከሳምንት በፊት ብሰማው ሰቦቹን አዞራቸዋለሁ፣ ድራሙን እከልለዋለሁ፣ ከባንዱ ጋር እነጋገራለሁ።

አንድ ነገር ግን እባካችሁ ተዉት፤ በዘፈን መሐል ጄኔሬተር ማስጠፋትን። ብዙ ሺህ ሰው ባለበት፣ በጨለማ፣ ድምፅና መብራት አንድ ላይ ሲጠፋ ከአጥሩ ፊት ያሉት ልጆች ምን እንደሚሆኑ ከሚክሰሩ ጀርባ ሆኜ አይቻለሁ። መቅጣት ካስፈለገ በማግስቱ ቅጡን። ማስጠንቀቂያ ካስፈለገ ለእኔ ንገሩኝ፣ በሁለት ዘፈን ውስጥ አወርደዋለሁ፤ ሕዝቡም ምንም ሳያውቅ ያልፋል።

መመሪያውን ከማዘጋጀታችሁ በፊት አንድ ሳውንድ ቼክ ላይ ብትገኙልን እንወዳለን። ሁለት ሜትር ይዛችሁ ኑ፤ አንዱን ሚክሰሩ ጋ፣ ሌላውን ከአጥሩ ውጭ፣ የነዋሪው በር ላይ አቁሙት። እኔ መጀመሪያ ኪኩን ብቻ፣ ቀጥሎ ድምፃዊውን ብቻ፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ አሰማችኋለሁ። እናንተ ኤ እና ሲን እያቀያየራችሁ ቁጥሩን ጻፉ። ከዚያ የቤቱን ባለቤት የትኛው እንደሚረብሻቸው ጠይቋቸው። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ከመጣችሁ 10 ሰዓት ሳይሞላ እንጨርሳለን።

ከአክብሮት ጋር

አንድ የሳውንድ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ